ለአንድ ቤት አንድ አስቸኳይ

አንድ ሰው ኖሮ ኖሮ ሲያበቃ፣ ኖረ የሚባለው ምኑ ነው? ሊቃውንቱ ለዚህ ጥያቄ ትልልቅ መልስ ሲሰጡ ኖረዋል። አንዱ ሥራው ነው ይላል፣ አንዱ ፍቅሩ፣ አንዱ ደግሞ ምርጫው። ምርጫው ነው ያለው ወገን ብዙ ተከታይ አግኝቷል፤ ነገሩ ደስ ይላላ። ሰው ማለት የመረጠው ነው ሲባል የሰማ ሁሉ ደረቱን ይነፋል። ግን ደግሞ እሺም እንቢም ሳይሉ፣ በር ይዘው ሌላውን ሲያሳልፉ ዕድሜያቸው ያለፈ ሰዎች አሉ። እነሱን በየትኛው ወገን እንጻፋቸው?

ካዝና ከነዚህ ሰዎች አንዷ ናት። ካዝና እናት አባቷ ያወጡላት ስም አይደለም፤ ታላቅ ወንድሟ ገና ልጆች ሳሉ የለጠፈባት ነው። የትምህርት ቤት ካርድ፣ የክትባት ወረቀት፣ የአባታቸው የሞት ምስክር ወረቀት፣ የቤቱ ካርታ፣ ማንም ሰው ይጠፋብኛል ብሎ የሚሰጋለት ወረቀት ሁሉ መጨረሻው እሷ እጅ ነው። ከአልጋዋ ሥር የቆርቆሮ ሣጥን አለ። ከሣጥኑ ውስጥ ደግሞ ሰማያዊ ልባስ ያለው ደብተር አለ፤ እዚያ ላይ የቤተሰቡ ፓስፖርቶች የሚያበቁበት ቀን በቀይ እስክሪብቶ፣ ከዚያ ስድስት ወር ቀደም ያለው ቀን በጥቁር ተጽፏል። ፓስፖርት የሚሞተው ከመሞቱ ስድስት ወር ቀድሞ ነውና። ከጥቁሩ ቀን ወዲያ ኤምባሲው ፊት ይነሳዋል፣ አየር መንገዱም አያሳፍረውም። ካዝና ይህን ስታስረዳ «ልክ እንደ ሰው ነው፤ መድከም ሲጀምር ማንም አያምነውም» ትላለች።

የመጀመሪያውን ፓስፖርት ያወጣችው በሃያ አራት ዓመቷ ነበር። በልብስ ንድፍና ቅድ ውጭ አገር የሁለት ዓመት ትምህርት አግኝታ፣ የምትሄድበት ቀን ተቆርጦ ነበር። ፓስፖርቱን ተቀብላ በገባች በአሥራ አንደኛው ቀን እናቷ ልብስ ልታሰጣ እንደወጣች ግቢው ውስጥ ወደቀች፤ ከዚያ ወዲህ ቀኝ ጎኗ የራሷ አልሆነም። አባታቸው ከሞተ ዓመታት አልፈዋል። ታናሽ እህቷ ገና የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ናት። ታላቅ ወንድሟ ደግሞ በዚያው ሰሞን ውጭ ሥራ አግኝቶ ሻንጣውን ጨርሷል። ሁለቱ በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ንግግሩ አልረዘመም።

«አንቺ ለጊዜው እማዬን ያዢያት» አላት፤ «እኔ እግሬን ልትከል እንጂ ነገሩን አስተካክለዋለሁ።»

ለጊዜው። ከቃላት ሁሉ እንደዚህች ዕድሜዋ የሚረዝም የለችም። ሰው «ዘላለም» ሲሉት ይጠነቀቃል፤ ያሰላስላል፣ ሽማግሌ ያማክራል፣ አንዳንዴም ይሸሻል። «ለጊዜው» ሲሉት ግን ሽንት ቤት እንደሚገባ ሰው ሰተት ብሎ ይገባል፤ በሩ ከውጭ መቆለፉን የሚያውቀው ልውጣ ሲል ነው። ካዝና የገባችው በሃያ አራት ዓመቷ ነው። አሁን ዐርባ ዘጠኝ ሊሞላት ወራት ቀርተዋታል።

ንድፍና ቅዱ ቀረና በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የስፌት ክፍል ተቀጠረች። ክፍሉ ከምድር ቤት ነው፤ በአንድ በኩል የልብስ ማጠቢያው፣ በሌላ በኩል የማሞቂያው ክፍል ግድግዳ። አራት የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ እስከ ጣሪያ የተከመረ አንሶላ። ብቸኛው መስኮት ከመንገዱ ጋር እኩል ስለሆነ የሚታየው የአላፊ አግዳሚው እግር ብቻ ነው። ዋና ሥራዋ የሳሳ አንሶላ ማዳን ነው። የበሽተኛ አንሶላ የሚሳሳው መኻሉ ላይ፣ ገላ በሚያርፍበት ነው፤ ጠርዙ እንደ አዲስ ይቆያል። ካዝና አንሶላውን መኻል ለመኻል ለሁለት ትቀደዋለች፤ ሁለቱን ዳር ታገናኝና መኻል አድርጋ ትሰፋዋለች፤ የሳሳውን ወደ ዳር አውጥታ ትዘመዝመዋለች። በዚህ ዘዴ አንድ አንሶላ ሁለተኛ ዕድሜ ያገኛል። በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ ለስንት አንሶላ ሁለተኛ ዕድሜ እንደሰጠች ማንም አያውቅም፤ እሷም ጠይቃ አታውቅም።

በየአምስት ዓመቱ ግን ፓስፖርቷን ታድሳለች። የመጀመሪያው ባዶውን ሞተ፣ ሁለተኛው ባዶውን ሞተ፣ ሦስተኛውም፣ አራተኛውም። ለምን ታድሻለሽ ሲሏት «ዕድል ሲመጣ ቤት እንዳያጣኝ» ትላለች። በመቁረጫው ጠረጴዛ ማዶ የሚሠራው የልብስ ተኳሽ፣ ከምላሱ ይልቅ ካውያው የቀዘቀዘ ሰው፣ ይህን በሰማ ቁጥር አያልፋትም።

«የአንቺ ፓስፖርት ከሁላችንም ተሽሎ የተገኘ ነው» ይላታል፤ «ምንም ሳይሠራ በአምስት ዓመቱ ጡረታ ይወጣል።»

እሷም ትስቃለች። መሳቅ ነገሩን ቀላል ያስመስለዋልና።

የሌሎቹ ፓስፖርት ግን ሲሠራ ኖሯል። ታናሽ እህቷ ሃያ ሦስት ሲሞላት ፎቶዋን ያስነሳቻት፣ ጆሮ ካልታየ ይመልሱታል ብላ ፀጉሯን ወደ ኋላ የያዘችላት፣ ቅጹን የሞላችላት፣ ከንጋት ጀምሮ ተራ የጠበቀችላት ካዝና ናት። ልጅቷ ስትሄድ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ «እትዬ፣ እኔ ልደላደል እንጂ መጀመሪያ የምወስደው አንቺን ነው» አለቻት። በቅንነት ነው ያለችው። ሰው ሲሄድ የሚናገረው ሁሉ እውነት ነው፤ ሐሰት የሚሆነው ከደረሰ በኋላ ነው። ከዚያም ወዲያ ሁለቱም እነሱ ባሉበት ሆነው የሚያበቃ ወረቀታቸውን ለሰው ይሰጡላታል፣ ውክልና ይልኩላታል፤ እሷ ታሳድስና መልሳ ትልካለች። ወንድሟ የራሱ ፓስፖርት መቼ እንደሚያበቃ ቢጠየቅ «ካዝናን ጠይቋት» ነው የሚለው። እህቷም እንደዚያው። ቀን ማወቅ የእሷ ሥራ ሆኖ ቀረ፤ ስለዚህ እነሱ የራሳቸውን ማየት ተዉ። የቤተሰቡ ልማድ ይኸው ነበር፤ ጉዱም የመጣው ከዚሁ ልማድ ነው።

ዘንድሮ ሰማዩ የተከፈተ መሰለ። እህቷ ደውላ የሁለት ወር ፈቃድ ማግኘቷን ነገረቻት። እመጣለሁ፣ እማዬን እኔ እይዛለሁ፣ አንቺ ጋሼ ጋ ሄደሽ ስድስት ሳምንት ታርፊያለሽ፣ አለቻት። ወንድሟም የጥሪ ደብዳቤውን ላከ። ኤምባሲው የቃለ መጠይቅ ቀን ሰጠ፤ ያ ቀን ካለፈ የሚቀጥለው የሚገኘው በዓመቱ ነው። ሁሉም ነገር እንደ ጥሩ ስፌት ጫፉ ከጫፉ ገጠመ። አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ የካዝና አምስተኛ ፓስፖርት ለማብቃት አምስት ወር ቀርቶታል፤ ጥቁሩ ቀን አልፏል። የራሷን ያሳለፈችው ያው የሰውን ስትጠብቅ ነው። በዚያ ሰሞን እናቷ በሳንባ ታማ አንድ ወር ሆስፒታል ተኝታ ነበር።

ፓስፖርት መሥሪያ ቤቱ ደግሞ የባዶ ፓስፖርት ደብተር እጥረት ገጥሞታል። በመደበኛው ተራ ለማሳደስ አራት ወር ይጠበቃል። አስቸኳይ የሚባል ሌላ ተራ አለ፤ በሳምንት የሚደርስ፤ እሱም ማስረጃ ለያዘ ሰው ብቻ ነው። በዚያ ላይ አዲስ ደንብ ወጥቶ በሩ ላይ ተለጥፏል፦ ለአንድ የቤት ቁጥር በሦስት ወር ውስጥ አንድ አስቸኳይ። ቤተሰብ ሙሉ እየተሰለፈ ደብተሩን ጨረሰብን ብለው ነው ያወጡት። ካዝና የኤምባሲውን ቀጠሮ አሳየች፣ ስሟ በቤታቸው ቁጥር ላይ ተጻፈላት፣ ዐርብ ከስድስት ሰዓት በፊት መጥታ አሻራ እንድትሰጥ ተነገራት።

የዚያን ሳምንት ሰው አይቷት የማያውቃት ካዝና ነበረች። ስፌት ክፍሉ ውስጥ ታንጎራጉራለች። አዲስ ጫማ ገዝታ፣ እንዲለምዳት ብላ የስፌት መኪናዋን ስትረግጥ ታደርገዋለች። በእናቷ አልጋ ራስጌ ላይ ለእህቷ የሚሆን ወረቀት ጽፋ ለጠፈች፦ በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ፤ ሲያገላብጡ ቀኝ ክንዷን ከሥር አለመተው፤ ሾርባ ሳትቀመጥ አለመስጠት፤ ስትቆጣ አለመመለስ። እናቲቱ ወረቀቱን አስነብባ ከሰማች በኋላ «የመጨረሻውን ለራስሽ ብትጽፊው ይሻል ነበር» ብላ አላገጠችባት። ግማሽ ገላዋ ቢከዳት ምላሷ አልከዳትም።

እህቷ ማክሰኞ ገባች። ተቃቀፉ፣ ተላቀሱ፣ ሻንጣው ተከፈተ፣ ለእማዬ የሌሊት ልብስ፣ ለካዝና የእጅ ቦርሳ ወጣ። ሻይ እየጠጡ ሳለ ነው እህቷ እንደ ዋዛ ያነሳችው። አየር ማረፊያ ያለው ሠራተኛ ፓስፖርቷን አይቶ ዘጠኝ ቀን ነው የቀረው፣ የሚያሳልፉሽ ወደ አገርሽ ስለሆነ ነው ብሏታል።

«እኔም ካዝና እያለች ምን አስጨነቀኝ ብዬ ዝም አልኩት» አለች እየሳቀች።

ካዝና አልሳቀችም። ተነሥታ ሣጥኑን አወጣች፣ ሰማያዊውን ደብተር ገለጠች። በእህቷ ገጽ ላይ የመጨረሻው ቀይ ቀን ከአምስት ዓመት በፊት ያለፈ ነበር። ከዚያ በታች ምንም የለም። ያን ጊዜ እህቷ ባለችበት አገር ያለው የአገራቸው ኤምባሲ ራሱ ማደስ ጀምሮ ነበርና፣ እሷም አንድ ቀን ከሥራ ስትወጣ ገብታ አሳድሳለች። ለካዝና የነገረቻት መስሏታል። ካዝና ደግሞ ውክልና ስላልመጣላት ልጅቷ የዚያን አገር ወረቀት አግኝታ ይሆናል ብላ ተወችው። አንዷ የነገረች መሰላት፣ አንዷ ብጠይቃት ይከብዳታል ብላ ፈራች። በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ሳይጻፍ ቀረ።

«እና ምን ችግር አለው?» አለች እህቷ፤ «ታሳድሺልኛለሽ።»

የመኖሪያ ፈቃዷ ያለው እዚያው ፓስፖርት ላይ ነው። ሁለት ልጆቿ እዚያ ናቸው። የሁለት ወር ዕረፍቷ ሲያበቃ ካልተመለሰች ሥራው ይሄዳል፣ ሥራው ከሄደ የመኖሪያ ፈቃዱ ይከተለዋል። አድራሻዋ ደግሞ ዛሬም ድረስ ያው ነው፤ ያው ቤት፣ ያው ቁጥር።

ሐሙስ ጠዋት ሁለቱም ሄዱ። አዳራሹ ሰፊ ነው፤ ወንበሮቹ በብረት ተያይዘው ስለተሰሩ አንድ ሰው ሲነሣ ስድስት ሰው ይነቃነቃል። በሦስተኛው መስኮት የምትሠራውን ባለመነጽር ካዝና ታውቃታለች፤ አሥር ዓመት ሙሉ ለሰው ወረቀት ስታመላልስ ያስተናገደቻት እሷ ናት። ክፉ ሰው አይደለችም። ሁለቱን ወረቀት ተቀበለች፣ ኮምፒውተሩን አየች፣ እንደገና አየች፣ ሁለቱንም መለሰች።

«እትዬ፣ የቤት ቁጥሩ አንድ ነው።»

ካዝና አንድ መሆኑን እንደምታውቅ፣ ግን እህቷ የምትኖረው ውጭ አገር እንደሆነ፣ ለእንግድነት እንደመጣች፣ የሁለቱም ማስረጃ የተሟላ እንደሆነ አስረዳች። ሴትዮዋ አንገቷን እየነቀነቀች ሰማቻት። ኮምፒውተሩ ሁለተኛውን አይቀበልም፤ እሷ ብትፈልግ እንኳ አይቀበልም። የበላይ ኃላፊዋ ዘንድ ገብታ ወጣች፤ እሱም ያንኑ አለ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አሻራ እስካልተሰጠ ድረስ ስሙን በስም መተካት ይቻላል። እስከ ነገ ስድስት ሰዓት። እናንተው ተነጋገሩ።»

እናንተው ተነጋገሩ። ደንብ እንዲህ ነው፤ ራሱ ቢላውን አያነሣም፤ ቢላውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ይወጣል። ካዝናና እህቷ አውቶቡስ ይዘው ወደ ቤት ተመለሱ። አውቶቡሱ ውስጥ እህቷ በመስኮት ታያለች፤ ካዝና የእህቷን እጅ ታያለች። ልጅ ሳለች አሥሬ ያጠበችው እጅ ነው።

ነገሩ በሌላ በኩል ሲታይ ቀላል ነበር። ካዝና ቁጥሩን ብትይዝ እሷ ትሄዳለች፣ እህቷ በመደበኛው ተራ አራት ወር ትጠብቃለች፤ ማለትም አራት ወር እናቷን ትይዛለች። ካዝና ብትለቅላት ግን ዓመት ትጠብቃለች፤ እሱም እህቷ በዓመቱ ሌላ ፈቃድ ካገኘች ነው። አንዷ ስትወጣ አንዷ መቅረት አለባት። ቤቱ አንድ በር ብቻ እንዳለው ካዝና ድሮም ታውቃለች፤ እህቷ ያወቀችው ገና ያን ቀን ነው።

ከሰዓት በኋላ እህቷ እናቷን ልታገላብጥ ሞከረች። ወረቀቱን አንብባለች፤ ግን ማንበብና ማገላበጥ ለየቅል ነው። ቀኙን ክንድ ከሥር ተወችው። እናቲቱ ጮኸች፤ ልጅቷ ደንግጣ ለቀቀቻት። ካዝና ከወጥ ቤት ሮጣ ገብታ አንድ እጇን ከትከሻዋ፣ አንድ እጇን ከዳሌዋ ሥር አስገብታ በአንድ ትንፋሽ አዞረቻት። እህቷ በረንዳ ላይ ወጥታ ታለቅሳለች። እናትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ።

እናቲቱ ሁሉንም ሰምታለች፤ አልጋ ላይ የዋለ ሰው ጆሮው ቤቱን ሁሉ ይዞራል። ጥቂት ትንፋሿን ሰበሰበችና አለች፦

«እንዳትሰጫት።»

«ምኑን?»

«ቁጥሩን ነዋ። ትቆይ። እሷም ትንሽ ትስበረኝ፤ ትማራለች።»

ካዝና ሳቀች። በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ እሷ ትቅርና አንቺ ሂጂ ስትላት የመጀመሪያዋ ሰው እናቷ ናት፤ ካዝና የማትሄደውም በእሷው ምክንያት ነው። በሩን የከፈተላት ራሱ በሩ ነው። እናቷ ዝም ብላ ቅሪ ብትላት ኖሮ ምናልባት በንዴት ትሄድ ነበር። ሂጂ ስትላት ግን እግሯ ተሳሰረ፤ የእናቷን ትከሻ አየች፣ ቀይ የሆነውን ቦታ፣ የእህቷ ጣት የተጫነበትን። አራት ወር ማለት ስንት ሁለት ሰዓት ነው ብላ አሰበች።

ያኔ ነው ወንድሟ የደወለው። እህቷ ነግራዋለች። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ሦስቱም በሰሙት ድምፅ ጋሼ ብዙ ተናገረ። ደንቡን ረገመ፣ መሥሪያ ቤቱን ረገመ፣ እህቱን ቀኗን ባለማየቷ ገሠጸ፣ ካዝናን ደግሞ ባለመጠየቋ። እሱ ራሱ መጥቶ እናቱን እንዲይዝ ሥራው እንደማይፈቅድለት፣ ባለቤቱን እንዳመማት፣ ደሞም ወንድ ልጅ እናቱን ማጠብ እንደማይችል አስረዳ። ያስረዳው ያልጠየቀውን ሰው ነው። ከዚያ ድምፁ ለሰሰ።

«ካዝናዬ፣ እሷ ልጆች አሏት። አንቺ ደግሞ... እንዴት ልበልሽ... አንቺ እኮ ለምደሽዋል።»

ካዝና የሚሰማትን ልትለይ ሞከረች፤ ንዴት ነው ብላ ጠበቀች፤ ግን ንዴት አልነበረም። አንድ ሰው የሳሳ አንሶላ አንሥቶ ወደ ብርሃን አድርጎ ሲያየው እንደሚሆነው ነበር፤ ማዶውን አየች። ለምደሽዋል። ሰው ሲለምድ የሚጠፋው ሕመሙ ሳይሆን ምስክሩ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያማል ቢል ማንም አይሰማውም።

«እሺ» አለች።

እህቷ ተነሥታ እጇን ያዘች። ካዝና አንድ ነገር ብቻ አስገባች፤ ቁጥሩን ውሰጂ፣ ግን ሁለቱን ወር ቆዪ። እኔ ባልሄድም ቆዪ፤ ወደ ሥራ ሄጄ ስመለስ አንድ ሰው ቤት ውስጥ ላግኝ። እህቷ በልጆቿ ማለችላት።

ዐርብ አራት ሰዓት ላይ በሦስተኛው መስኮት ቆሙ። ባለመነጽሯ ማን ነው አሻራ የሚሰጠው ብላ ጠየቀች። ካዝና ወደ ጎን ሄደችና ለእህቷ ቦታ ለቀቀችላት። ሴትዮዋ ከመነጽሯ በላይ አየቻትና ስሙን በስም ተካች። እህቷ ጣቶቿን አንድ በአንድ መስታወቱ ላይ አስቀመጠች። አራተኛው ጣት እምቢ ሲል ካዝና «ጫን አድርጊው፣ ከዚያ ልቀቂው» አለቻት። እንዲህ ያለውን ሁሉ ታውቃለች። እግረ መንገዷንም የራሷን ወረቀት በመደበኛው ተራ አስገባች።

ሰኞ ስፌት ክፍል ስትገባ አሮጌ ጫማዋን ነበር ያደረገችው። የልብስ ተኳሹ አየው። ካውያውን አንሥቶ ሦስት ጋውን በዝምታ ተኮሰ። ያን ያህል ዝም ሲል ማንም ሰምቶት አያውቅም።

የእህቷ ፓስፖርት በስምንተኛው ቀን ወጣ። በአሥራ አራተኛው ቀን ከሥራ ቦታዋ ተደወለላት፤ አንዷ ሠራተኛ ታማባቸው ቀድማ እንድትመለስ ለመኗት። ወዲያው አልወሰነችም፤ ሁለት ቀን ክፍሉን ስትዞር ዋለች፣ ሁለት ቀን ከካዝና ዓይን ሸሸች። በመጨረሻ ከልጆቼ አንዱ አተኩሶታል አለች። አተኩሶትም ይሆናል። ካዝና ሻንጣዋን አሰረችላት፣ ከመውጣቷ በፊት ደግሞ አዲሱን ፓስፖርት ተቀብላ የሚያበቃበትን ቀን በቀይ፣ ስድስት ወር የቀደመውን በጥቁር ጻፈች። የኤምባሲው ቀጠሮ ቀን ሲደርስ ካዝና ምድር ቤት ነበረች። ያን ዕለት የሆስፒታሉ የቀዶ ሕክምና ክፍል ዐርባ አንሶላ ልኮ ነበርና ቀና አላለችም፤ በመስኮቱ የሚያልፉት እግሮች ያልፋሉ።

ከዚያ ወዲያ ያለው አራት ወር ተኩል ነው። ስለሱ ብዙ የሚባል ነገር የለም። እናቲቱ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ካዝና ፀጉሯን ስታበጥርላት፣ «ሰጠሻት አይደል» አለቻት። ካዝና ማበጠሯን ቀጠለች፤ እሷም አልደገመችውም። ወንድሟ ደውሎ ለከርሞ የተሻለ እንደሚሆን ነገራት፤ ለከርሞ እህቷ ፈቃድ ካገኘች፣ የእሱ ቤት እድሳት ካለቀ፣ የእናታቸው ጤና ከፈቀደ። እሺ አለችው። ደብተሩ ላይ የራሷን ገጽ ስትገልጥ አምስቱ ያለፉ ቀይ ቀኖች ተደርድረው ቁመዋል፤ ስድስተኛው የሚጻፍበት መስመር ክፍት ነው።

ፓስፖርቱ ደርሷል ብለው ሲደውሉላት ከሥራ አስፈቅዳ ሄደች። አዳራሹ እንደ ወትሮው ነው። ቁጥሯ ተጠራ። ባለመነጽሯ አምስተኛውን ፓስፖርት ተቀበለቻት፣ ገጾቹን እንደ ልማዷ ገለጠች፣ አንድም የተነካ ገጽ ስለሌለው ቶሎ ጨረሰች፣ በመቀስ ጥጉን ቆርጣ መለሰችላት። ከዚያ ስድስተኛውን አመጣችና ልክ መሆኑን አይተሽ ፈርሚ አለቻት። ካዝና ስሟን አየች፣ የልደት ቀኗን አየች፣ ፎቶውን አየች፤ ጆሮዋ ሁለቱም ይታያል። ፈረመች። ግን አልወሰደችውም።

ቤት ብትወስደው የሚሆነውን ታውቀዋለች። ሣጥኑ ይከፈታል። ሁለት ቀን ይጻፋል፣ አንዱ በቀይ፣ አንዱ በጥቁር። ከዚያ እንደገና አምስት ዓመት ከአልጋዋ ሥር ሆኖ ይጠብቃታል፤ ጠባቂው እሱ፣ የምትጠበቀው እሷ ሆና። ሌላውን ሁሉ ትችላለች፤ እናቷን ትችላለች፣ አንሶላውን ትችላለች፣ ወንድሟን እንኳ ትችላለች። ያንን አንድ ቀጭን ደብተር ግን ከሥሯ አድርጋ መተኛት እንደማትችል እዚያው መስኮቱ ፊት ቆማ አወቀች።

«እዚሁ ይቀመጥልኝ» አለች።

ባለመነጽሯ ያልሰማች መሰላትና ጆሮዋን አስጠጋች።

«እናንተ ጋ ይቀመጥልኝ። ለመሄድ ቀን የተቆረጠልኝ ዕለት መጥቼ እወስደዋለሁ። ካልመጣሁም ጊዜው እዚሁ ይለቅ።»

ሴትዮዋ መጀመሪያ ፈገግ አለች፤ ቀልድ መስሏት ነው። ከዚያ የካዝናን ፊት አይታ ፈገግታዋን ሰበሰበች። ማስቀመጫ እንደሌላቸው፣ የወጣ ፓስፖርት ለባለቤቱ መሰጠት እንዳለበት፣ ቢጠፋ ተጠያቂዋ እሷ እንደሆነች በቀስታ አስረዳቻት። ካዝና ሁሉንም ሰማች። ከኋላዋ የቆመው ሰው ሥራ አስፈታችሁን እያለ ማጉረምረም ጀመረ። የበላዩ ከውስጥ ብቅ ብሎ ምን ችግር አለ አለ፤ ተነገረው፤ ቤት የላቸውም እንዴ ብሎ ጠየቀ፤ አላቸው ተባለ፤ እንግዲያው ይውሰዱት ብሎ ተመለሰ።

«አንድ ወር ብቻ» አለች ካዝና፤ «አንድ ወር ብቻ ያዢልኝ።»

ባለመነጽሯ ፓስፖርቱን በመስኮቱ ሥር ባለው ቀዳዳ ወደ ውጭ ገፋችውና የሚቀጥለውን ቁጥር ጠራች።